አሲድና ቤዝ ጨው ስለ መሥራታቸው፦ የአንድ ጽንሰ ሐሳብ ታሪክና ለሳይንስ ትምህርት ያለው ፋይዳ

1. መግቢያ

«አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ጨውና ውሃ ይሰጣሉ» የሚለው አባባል ኬሚስትሪ የጀመረ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያጠናው ነው። አጭርና ለማስታወስ የማያስቸግር በመሆኑ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በምዕራፍ መክፈቻ ላይ ይሰፍራል፤ በፈተና ጊዜም ባዶ ቦታ በመሙላት መልክ ይጠየቃል። ተማሪው መልሱን በትክክል ሲሞላ ጉዳዩን እንደ ተረዳ ይቆጠርለታል።

ይሁን እንጂ ይኸው ተማሪ በቤቱ የሚያውቀው ጨው ከአሲድና ከቤዝ ተሠርቶ የመጣ አይደለም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተጠረበ በአሞሌ መልክ በግመልና በበቅሎ ሲጓጓዝ የኖረው ጨው የባሕር ውሃ ተንኖ ያስቀረው ነው። በሌላ በኩል በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት የአቢያታና የሻላ ሐይቆች በሟሟባቸው ሶዳ ምክንያት የቤዝ ጠባይ አላቸው፤ ሶዳው ግን በኬሚስትሪ ቋንቋ ራሱ ጨው ነው። እንግዲህ ጨው ሁሉ አሲድና ቤዝ ተገናኝተው የተረካከሱበት ውጤት ከሆነ፣ የሶዳው ጨው ቀዩን ሊትመስ ወረቀት ወደ ሰማያዊ የሚለውጠው ስለምን ነው? በቃል የተጠናው ዐረፍተ ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አጭሩ አባባል በምን ዓይነት ሙከራ፣ ክርክርና ስሕተት እንደ ተገኘ በታሪክ ቅደም ተከተል መግለጽ፣ ከዚያም ታሪኩ ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ከምላስ ወደ ቀለም

የሰው ልጅ አሲድንና ቤዝን መጀመሪያ የለየው በምላሱና በጣቱ ነው። አሲድ የሚለው ቃል ኮምጣጣ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የተገኘ ሲሆን፣ አልካሊ የሚለው ደግሞ የዕፀዋት አመድን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። የሎሚ ጭማቂና አቼቶ ይኮመጥጣሉ፤ አመድ ተዘፍዝፎበት የጠለለ ውሃ ግን ይመርራል፤ ጣትንም ያሟልጫል። ሁለቱ ሲደባለቁ የኮምጣጣነቱም የማሟለጩም ኃይል እንደሚደክም ባለ እጆች ከጥንት ጀምረው ያውቁ ነበር።

ምላስ ግን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ጣዕም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ብርቱ አሲድንም መቅመስ አደጋ አለው። በዚህ ረገድ ታላቅ እርምጃ የታየው በ1664 ሮበርት ቦይል የተባለው የብሪታንያ ሊቅ ስለ ቀለማት የጻፈውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ነው። ቦይል ከሰማያዊ የቫዮሌት አበባ የተዘጋጀ ሽሮፕ በአሲድ ወደ ቀይ፣ በአልካሊ ወደ አረንጓዴ እንደሚለወጥ አሳየ። ስለዚህ አንድ ነገር አሲድ ነው ወይስ አልካሊ የሚለው ጥያቄ ማንም ሰው ደግሞ ሊያየው በሚችል ምልክት የሚመለስ ሆነ። ሁለቱንም ለውጥ የማያሳዩ ነገሮች ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ሆኑ። «ገለልተኛ» የምንለው ሐሳብ መሠረቱ ይህ ነው።

3. ጨው የሚለው ቃል ሲሰፋ

ጨው የሚለው ቃል በጥንት ጊዜ በውሃ የሚሟሟና ጣዕም ያለው ጠጣር ነገር ሁሉ የሚጠራበት ነበር። ቃሉ የአሠራር ትርጉም እንዲያገኝ ካደረጉት መካከል ጀርመናዊው ዮሐን ግላውበር (1604–1670) ይገኛል። ግላውበር የምግብ ጨውን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በማሞቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አገኘ፤ በዚያው ሥራ የቀረውንም ጨው ድንቅ ጨው ብሎ ሰየመው። ይህ ዛሬ ሶዲየም ሰልፌት የሚባለው ነው። ጨው የሚገኝ ብቻ ሳይሆን የሚሠራም ነገር መሆኑ ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ግልጽ ሆነ።

በ1666 ኦቶ ታኬኒዩስ በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ጨው ሁሉ ከአሲድና ከአልካሊ የተዋቀረ ነው ሲል ጻፈ። በቃል የምናስጠናው አባባል የመጀመሪያ መልኩ ይህ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የነበሩ አንዳንድ ሊቃውንት ከልክ አልፈው በተፈጥሮ ውስጥ ያለውን ለውጥ ሁሉ፣ የምግብን መፈጨትና በሽታን ሳይቀር፣ በአሲድና በአልካሊ ጠብ ለማስረዳት ሞከሩ። ቦይል በ1675 ይህን አስተያየት ነቀፈ። የነቀፋው ፍሬ ነገር አሲድም አልካሊም ምን እንደ ሆኑ በትክክል ሳይተረጐሙ የሁሉ ነገር ምክንያት መደረግ የለባቸውም የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ኒኮላ ሌምሪ ሌላ ማብራሪያ አቀረበ። በእርሱ አስተያየት የአሲድ ቅንጣቶች እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው፤ ምላስን የሚቆነጥጡትም በዚህ ምክንያት ነው። የአልካሊ ቅንጣቶች ግን ቀዳዳ አላቸው። ሹሉ በቀዳዳው ሲሰካ ሁለቱም ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ጨውም ይሆናሉ። ሐሳቡ ዛሬ ቢያስቅም በዘመኑ ብዙ ተከታይ ነበረው። ሊለካ የሚችል ነገር ስላልተነበየ ግን በሙከራ ሊረጋገጥም ሊሻርም አልቻለም።

«ቤዝ» የሚለውን ቃል በኬሚስትሪ ያስለመደው ጊዮም ፍራንስዋ ሩኤል ነው። ሩኤል በ1744 እና በ1754 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረባቸው ጽሑፎች ጨው ማለት አሲድ መሠረት ሆኖ ጠጣር መልክ ከሚሰጠው ማናቸውም ነገር ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነው ሲል ተረጐመ። ቤዝ ማለትም መሠረት ማለት ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት አልካሊ ብቻ ሳይሆን ኖራ፣ ሌሎችም አፈሮችና ብረታ ብረቶች ጭምር ቤዝ ሆኑ። ከዚህም በላይ ሩኤል ጨዎች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ አስገነዘበ፤ ገለልተኛ የሆኑ፣ አሲድ የበዛባቸውና አሲድ ያነሰባቸው ጨዎች መኖራቸውን አመለከተ። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ዘለው የሚያልፉት ይህ ልዩነት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የታወቀ ነበር።

4. መመዘንና መለካት

ቀለም የአሲድን መኖር ቢያሳይም ምን ያህል አሲድ እንዳለ አይናገርም። የመጠን ጥያቄ የመጣው ከምርምር ቤት ብቻ ሳይሆን ከገበያም ነበር። ጨርቅ የሚያነጡ፣ ሳሙናና ብርጭቆ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከእንጨት አመድ የሚገኘውን ፖታሽ በብዛት ይገዙ ስለ ነበር፣ ከባዕድ ነገር ጋር የተቀላቀለውን ከንጹሑ መለየት የገንዘብ ጉዳይ ነበር።

ቪልሄልም ሆምበርግ በ1699 የተወሰነ መጠን ያለው ፖታሽ በልዩ ልዩ አሲዶች ገለልተኛ እስኪሆን ካደረገ በኋላ፣ ውጤቱን አድርቆ በመመዘን የጨመረውን ክብደት ለካ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፍራንሲስ ሆም በ1756 ስለ ጨርቅ ማንጣት ባሳተመው መጽሐፍ ናይትሪክ አሲድን በሻይ ማንኪያ እየቈጠረ በፖታሽ ላይ በመጨመርና አረፋው እስኪያቆም በመጠበቅ የፖታሹን ጥንካሬ ገመተ። ዊልያም ሉዊስ ደግሞ በ1767 ከአሜሪካ ይመጣ የነበረውን ፖታሽ ሲመረምር የመጨረሻውን ነጥብ በአረፋ ሳይሆን በሊትመስ ወረቀት ወሰነ።

ከአረፋ ወደ ሊትመስ መሸጋገሩ ለምን የተሻለ እንደ ሆነ የሚያስረዳው የጆሴፍ ብላክ ሥራ ነው። ብላክ በ1756 ባሳተመው ጥናት አረፋው የአልካሊ ጠባይ ሳይሆን በአልካሊው ውስጥ ታስሮ የነበረ አየር፣ ማለትም ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ጋዝ፣ መለቀቁ እንደ ሆነ አሳየ። ይህ አየር በኖራ አማካይነት የተወሰደበት አልካሊ አሲድን ያለ አንዳች አረፋ ገለልተኛ ያደርጋል። ስለዚህ በአረፋ መመራት የሚያገለግለው ለካርቦኔቶች ብቻ ነው።

የመጠንን ጥናት ወደ ሕግ ደረጃ ያደረሰው ጀርመናዊው ኤሬሚያስ ሪኽተር ነው። ከ1792 እስከ 1794 ባሳተመው ሥራ ስቶይኪዮሜትሪ የሚለውን ቃል አስተዋወቀ። ሪኽተር ያስተዋለው ሁለት ገለልተኛ ጨዎች በሙሙት ውስጥ ተገናኝተው ክፍሎቻቸውን ሲለዋወጡ ድብልቁ ገለልተኛ ሆኖ እንደሚቀር ነው። ይህ የሚሆነው ቤዞች አንዱን አሲድ የሚያረክሱበት የክብደት ንጽጽር ሌላውን አሲድ ከሚያረክሱበት ንጽጽር ጋር እኩል ከሆነ ብቻ ነው። በዛሬ ቍጥር ብንመለከተው፣ 63 ግራም ናይትሪክ አሲድን ገለልተኛ ለማድረግ 40 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም 56 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። ለ98 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ 80 ግራም ወይም 112 ግራም ያስፈልጋል። አሲዱ ቢለወጥም የሁለቱ ቤዞች ንጽጽር ያው 40 ለ56 ነው። ኤርንስት ፊሸር በ1802 እነዚህን መጠኖች በአንድ ሰንጠረዥ አጠቃለላቸው። የአቶም ንድፈ ሐሳብ ገና ተቀባይነት ሳያገኝ፣ አሲድና ቤዝ በተወሰነ መጠን እንደሚዋሐዱ በሚዛን ተረጋግጦ ነበር።

5. የላቯዚዬ ስሕተትና እርማቱ

አንትዋን ላቯዚዬ የሩኤልን ትምህርት የተከታተለ ሊቅ ነበር። ድኝና ፎስፈረስ ሲነድዱ ከአየር አንድ ክፍል እንደሚወስዱ፣ የቃጠሎውም ውጤት በውሃ ሲሟሟ አሲድ እንደሚሆን አረጋገጠ። ከዚህም ተነሥቶ ያን የአየር ክፍል ኦክሲጅን፣ ማለትም «አሲድ አስገኝ» ብሎ ሰየመው። በ1787 ከጊቶን ደ ሞርቮ፣ ከቤርቶሌና ከፉርክርዋ ጋር ያዘጋጀው የስም አወጣጥ ሥርዓት ጨው በስሙ ብቻ ከየትኛው አሲድና ቤዝ እንደ ተገኘ እንዲታወቅ አደረገ። ሰልፌት፣ ሰልፋይት፣ ናይትሬት የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው።

ሥርዓቱ ጠቃሚ ቢሆንም የተመሠረተበት አንዱ ሐሳብ ስሕተት ነበር። አሲድ ሁሉ ኦክሲጅን አለው ከተባለ፣ ከምግብ ጨው የሚገኘው አሲድም ሊኖረው ይገባል። ላቯዚዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን አሲድ ያልታወቀ መሠረት ገና ወደፊት እንደሚገኝ ንጥረ ነገር አድርጎ መዘገበው። የተጠበቀው ንጥረ ነገር ግን አልተገኘም። ሃምፍሪ ዴቪ በ1810 ከዚህ አሲድ የሚገኘውን አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ በጋለ ከሰል እንኳ ቢፈትነው ኦክሲጅን ሊያወጣበት ስላልቻለ፣ ጋዙ ራሱ ንጥረ ነገር ነው በማለት ክሎሪን ብሎ ሰየመው። አሲዱም ከሃይድሮጅንና ከክሎሪን በቀር ሌላ የለውም። ይኸው ሊቅ አስቀድሞ በ1807 ፖታሽንና ሶዳን በኤሌክትሪክ ኃይል በመበተን ፖታሲየምንና ሶዲየምን አግኝቶ ነበር። በዚህ ሥራ «አሲድ አስገኝ» የተባለው ኦክሲጅን በአልካሊዎቹ ውስጥ ተገኘ።

እርማቱ ስለ ጨው አሠራር ያለውን ግንዛቤም ለወጠ። በአጸግብሮቱ የሚገኘው ውሃ ሃይድሮጅኑ ከአሲዱ፣ ኦክሲጅኑ ከቤዙ የመጣ መሆኑ ታወቀ። ቶማስ ግራሃም በ1833 ፎስፎሪክ አሲድ ከአንድ በላይ የጨው ዓይነት የሚሰጠው በብረት አስተኔ ሊተካ የሚችል ሃይድሮጅን ከአንድ በላይ ስላለው መሆኑን አሳየ። ዩስቱስ ሊቢግም በ1838 አሲድ ማለት በብረት አስተኔ ሊተካ የሚችል ሃይድሮጅን ያለው ውሁድ ነው ሲል ተረጐመ። ሩኤል አሲድ የበዛባቸው ያላቸው ጨዎች ሃይድሮጅናቸው በከፊል ብቻ የተተካ መሆናቸው በዚህ ተብራራ።

6. የሙቀት ምስክርነት

አሲድና ቤዝ ሲደባለቁ ዕቃው ይሞቃል። ይህን ሙቀት በጥንቃቄ ከለኩት መካከል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት ጀርማን ሄስና የኮፐንሃገኑ ዩሊየስ ቶምሰን ይገኛሉ። ልኬቱ ያስገኘው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ናይትሪክ አሲድም በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ገለልተኛ ሲሆን የሚወጣው ሙቀት ለአንድ ሞል ውሃ 57 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ብርቱ አሲድና ብርቱ ቤዝ እስከሆኑ ድረስ የሚገኘው ጨው ሌላ ቢሆንም ሙቀቱ ብዙም አይለይም። ዋናው ድርጊት የጨው መሠራት ከሆነ ልዩ ልዩ ጨዎች ልዩ ልዩ ሙቀት ሊሰጡ ይገባ ነበር።

መልሱን የሰጠው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው። በ1884 ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በዝቅተኛ ማዕረግ ነበር ያለፈው፤ በ1887 ያጠናቀቀው ንድፈ ሐሳብ ግን በ1903 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት አሲድ በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን፣ ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ግን ከድርጊቱ በፊትም በኋላም በውሃው ውስጥ ተበታትነው እንዳሉ ናቸው። የሙቀቱ መጠን አንድ የሆነው ድርጊቱ አንድ ስለሆነ ነው።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ በቃል የተጠናውን ዐረፍተ ነገር ይገለብጠዋል። በእንዲህ ያለው አጸግብሮት በእውነት የሚሠራው ውሃው ነው፤ ጨው የምንለው ከተመልካች አዮኖች የሚገኝና ውሃው ሲተን የሚታይ ነው። 40 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 36.5 ግራም ሃይድሮጅን ክሎራይድ ካለበት ሙሙት ጋር ሲደባለቅ 18 ግራም ውሃ ወዲያው ይሠራል፤ 58.5 ግራሙ የምግብ ጨው ግን የሚገኘው ሙሙቱ ከደረቀ በኋላ ነው።

7. ገለልተኛ ያልሆኑ ጨዎች

የአሬኒየስ ሐሳብም ሁሉን አልፈታም። አሞኒያና ሃይድሮጅን ክሎራይድ በጋዝነታቸው ሲገናኙ ነጭ ጭስ የመሰለ ጨው ይሆናሉ፤ ውሃ ግን አይሠራም። በ1923 ዮሐነስ ብሮንስቴድ በዴንማርክ፣ ቶማስ ሎውሪ በብሪታንያ፣ ሳይመካከሩ አዲስ ትርጓሜ አቀረቡ። አሲድ ፕሮቶን፣ ማለትም የሃይድሮጅን አዮን፣ ሰጪ ነው፤ ቤዝ ፕሮቶን ተቀባይ ነው።

በዚህ ትርጓሜ በመግቢያው የተነሣው የሶዳ ጥያቄ መልስ ያገኛል። የሶዲየም ካርቦኔት ክፍል የሆነው የካርቦኔት አዮን ከውሃ ፕሮቶን ስለሚወስድ የሃይድሮክሳይድ አዮን ይቀራል፤ ሙሙቱም የቤዝ ጠባይ ያሳያል። የአሞኒየም አዮን ግን ፕሮቶን ስለሚሰጥ የአሞኒየም ክሎራይድ ሙሙት ወደ አሲድነት ያደላል። ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን በ1909 ባወጣው የፒ ኤች መለኪያ ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7 ሲሆን፣ የአቢያታና የሻላ ውሃ ከ9 በላይ ነው። ስለዚህ «ጨው ገለልተኛ ነው» የሚለው ለአንዳንድ ጨዎች እውነት ሲሆን ለሌሎች ስሕተት ነው።

8. ለትምህርት አሰጣጥ የሚሰጠው መመሪያ

ይህ ታሪክ በትምህርት ፕሮግራም ላይ እንደ ተጨማሪ ሸክም እንዲጫን አይደለም የተዘረዘረው። ሊቃውንቱ የተጓዙበት ቅደም ተከተል ለተማሪም የሚመች መሆኑን ለማሳየት ነው።

አንደኛ፣ ትምህርቱ ከስም በፊት ከነገሩ ቢጀምር ይመረጣል። ሎሚ፣ አቼቶ፣ የአመድ ውሃ፣ ኖራና የምግብ ሶዳ በየአካባቢው ይገኛሉ። ከቀይ ጥቅል ጎመን በፈላ ውሃ የሚጨመቀው ቀለም በአሲድ ወደ ቀይ፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴ ስለሚለወጥ ቦይል ያየውን ተማሪው ራሱ ሊያይ ይችላል። ተማሪዎች በመቅመስ እንዳይፈትኑ፣ ብርቱ አሲድንና ኮስቲክ ሶዳን ከመምህሩ በቀር ማንም እንዳይነካ ማድረግ ግን ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ መለካት ከእኩልዮሽ መቅደም አለበት። ቡሬት ባይኖር ጠብታ በመቍጠር አንድ ዓይነት አቼቶ ምን ያህል የሶዳ ሙሙት እንደሚፈልግ ማነጻጸር ይቻላል። አቼቶው በውሃ ሲቀጥን የጠብታው ቍጥር እንዴት እንደሚለወጥ ተማሪው አስቀድሞ ቢገምትና በኋላ ቢፈትን፣ የሪኽተርን ሐሳብ በእጁ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ ቴርሞሜትር ባለበት ትምህርት ቤት መምህሩ አንድ ሞላር የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና እኩል መጠን ያለው አንድ ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቢደባልቅ ሙቀቱ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። ናይትሪክ አሲድን በሃይድሮክሎሪክ ተክቶ ቢደግመው ውጤቱ ከሞላ ጎደል ያው ይሆናል። «ጨው ሲለወጥ ሙቀቱ ለምን አልተለወጠም?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ወደ አዮን ትምህርት ይመራል።

አራተኛ፣ የምግብ ጨው፣ ሶዳና አሞኒየም ክሎራይድ ለየብቻ በውሃ ሟሙተው በሊትመስ ይፈተኑ። ተማሪው ሦስቱም ጨው እንደሚባሉ፣ ጠባያቸው ግን አንድ እንዳልሆነ ሲመለከት ቃሉን በምግብ ገበታ ካለው ጨው ለይቶ መጠቀም ይለምዳል። በአማርኛ ጨው የሚለው ቃል አስቀድሞ የቤት ውስጥ ትርጉም ስላለው ይህ ልዩ ትኩረት ይሻል።

አምስተኛ፣ የፈተና አዘጋጆች ባዶ ቦታ ከማስሞላት ይልቅ ማስረጃ የሚጠይቅ ጥያቄ ቢያቀርቡ የአስተማሪው አካሄድም ይለወጣል። ፈተናው ቃልን ብቻ ከጠየቀ መምህሩ ቃልን ብቻ ለማስጠናት ይገደዳልና።

9. መደምደሚያ

ከታኬኒዩስ እስከ ብሮንስቴድና ሎውሪ ድረስ 257 ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጨው ትርጓሜ ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ የላቯዚዬን ያህል ሊቅ እንኳ የሰጠው ትርጓሜ በሙከራ ተሽሯል፤ ከስሕተቱ ጋር የተሠራው የስም ሥርዓት ግን ጠቃሚነቱ ስለ ታየ ጸንቷል። ተማሪ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ሲረከብ ሳይንስን እንደ ተደነገገ ቃል ይቀበላል። ዐረፍተ ነገሩ የተገኘበትን መንገድ በጥቂቱም ቢሆን ሲሄድበት ግን አንድ አባባል የሚጸናው ሙከራ እስከ ደገፈው ድረስ መሆኑን ይማራል። የአቢያታን ውሃ በሊትመስ ፈትኖ «ይህስ ለምን ገለልተኛ አልሆነም?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ባዶ ቦታውን ከሞላው ይልቅ ኬሚስትሪን ጀምሯል።